ቅድሚያ ስንት ያወጣል?

ጨምሮ ከፍሎ መቅደም ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ደምበጫ ለሚኖር ሰው የሩቅ ጥያቄ አይደለም። አዲስ አበባ ልንሄድ አስፋልት ዳር ስንቆም ይመጣል። በሽተኛ ይዘን ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ይመጣል። ልጅ ለሥራ ወይም ለትምህርት ከአገር ሊወጣ ፓስፖርት ሲፈልግ፣ ክረምት ገብቶ ማዳበሪያ ሲዘገይም እንዲሁ። በየቦታው አንድ መደበኛ ወረፋ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ብር ያለው የሚገባበት አጭር በር አለ። ስለዚህ በር ስናወራ ያልቻለው በምሬት፣ የቻለው በኩራት ያወራል፤ ነገሩን ዘርዝሮ ያየው ግን ጥቂት ነው። አንዳንዱ በእርግጥ ያዋጣል። አንዳንዱ ግን ብራችንን ከመብላቱም በላይ ከኋላችን የቆመውን ሰው ይጎዳል።

ቅድሚያን እንደ ዕቃ አሳምሮ ለሽያጭ በማቅረብ የዓለም የመዝናኛ ፓርኮችን የሚያህል የለም፤ ስለዚህ ከእነሱ መጀመር ይጠቅማል። ዲዝኒላንድ በ1955 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲከፈት ሁሉም ተሰልፎ ነበር የሚጫወተው። በ1999 እ.ኤ.አ. ዲዝኒ «ፋስትፓስ» የሚባል አሠራር አመጣ፤ ጎብኚው ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት በነጻ ይወስዳል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ተመልሶ በአጭሩ ሰልፍ ይገባል። ነጻው ነገር በ2021 እ.ኤ.አ. ቀረና በፍሎሪዳው የዲዝኒ ፓርክ በቀን 15 ዶላር የሚያስከፍል አገልግሎት ተተካ። በ2024 ደግሞ እዚያው ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን ብቻ፣ እስከ 449 ዶላር የሚደርስ የቅድሚያ ትኬት ወጣ። ከዚህ ሌላ በፓርኩ ሆቴሎች ያደረ እንግዳ በየቀኑ ከሌላው ሰው 30 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል፤ ክፍያው በአልጋው ዋጋ ውስጥ ነው።

ሠላሳ ደቂቃ ምን ይሠራል የሚል ይኖራል። ይሠራል፤ ሰልፉ በጣም አጭር የሚሆነው በሩ እንደተከፈተ ነውና፣ ፈጠን ያለ ሰው በዚያች ግማሽ ሰዓት እኩለ ቀን ላይ ብዙ የሚያስጠብቁትን አንድ ሁለት ጨዋታዎች ይጨርሳል። ችግሩ ሆቴሎቹ በሞሉ ጊዜ የሚመጣው ነው። ቀድሞ የመግባት መብት ያለው ሰው በበዛ ቁጥር ግማሽ ሰዓቷ ራሷ ሰልፍ ይበዛባታል። የጨዋታው ባቡር ደግሞ ወንበር አልጨመረም፤ በሰዓት የሚጭነው ሰው ቁጥር ያው ነው። በአጭሩ በር አንድ ሰው በገባ ቁጥር በረጅሙ ሰልፍ ያለው አንድ ሰው ወደ ኋላ ይገፋል። የእኛንም ጉዳይ የምመዝነው በዚህ ነው፦ የተጨመረው ብር አዲስ ወንበር፣ አዲስ እጅ፣ አዲስ ሰዓት ያመጣል? ወይስ ያለውን ወንበር ከአንዱ ወስዶ ለሌላው ይሰጣል?

የአገራችን መዝናኛዎች ብዙ አያቆዩንም። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባው አንድነት ፓርክ ሲከፈት መደበኛውን መግቢያ 200 ብር፣ የቪአይፒውን 1,000 ብር አድርጎ ነበር። ፓርኩ ያለበትን የምኒልክ ግቢ ለማየት ከጎጃም የሚሄድ ቤተሰብ መደበኛውን ቢይዝ ምንም አይጎድልበትም፤ ግብሩ የተበላበት አዳራሽም ሆነ አንበሶቹ ለሁለቱም ያው ናቸው። የቢሾፍቱው ኩሪፍቱ የውኃ ፓርክም፣ የቦሌው ቦራ የልጆች መጫወቻም የሚጨናነቁት በበዓልና በሳምንት መጨረሻ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የሄደ ሰው ምንም ሳይጨምር ቅድሚያውን አገኘ ማለት ነው።

መንገዱ ግን ሌላ ነው። ደምበጫ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም መካከል ዋናው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት። መኪና ያልፍባታል፤ የሚያልፈው ግን በአብዛኛው ከባሕር ዳር፣ ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ሞልቶ የመጣ ነው። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ያለው አማራጭ ጥቂት ነው። ቀደም ብሎ ደብረ ማርቆስ ሄዶ፣ አልጋ ይዞ አድሮ፣ ሌሊት መናኸሪያ ይሰለፋል። ወይም ከባሕር ዳር በሚነሱት ትልልቅ አውቶብሶች ላይ ሙሉውን ሂሳብ ከፍሎ የወንበር ቁጥር ያስይዛል፤ ባሕር ዳር ሄዶ ባይሳፈርም የባሕር ዳሩን ይከፍላል። ወይም ረፋድ ላይ አስፋልት ዳር ቆሞ የመጣውን ይይዛል።

ይህን የመጨረሻውን የማያውቅ ደምበጬ የለም። ጋቢያቸውን ደርበው፣ በፌስታል የታሰረ ስንቃቸውን ይዘው የቆሙ አባት አጠገብ መኪናው ይቆማል። ረዳቱ ሳይወርድ በበሩ ተንጠልጥሎ «አባባ ይግቡ፣ አንድ ቦታ ነው የቀረኝ» ይላል። «ስንት ነው ልጄ?» ሲሉት ከታሪፉ በላይ ይጠራል። «ኧረ ታሪፉ ይሄ አይደለም» ሲሉ «ታሪፉማ መናኸሪያ ነው፣ እዚያ ሄደው ይጠብቁ» ይላቸዋል። ሰውየው ፀሐዩን ያያሉ፣ ከኋላ የሚመጣ ሌላ መኪና እንዳለ አስፋልቱን ያያሉ፣ ይገባሉ። የቀረው አንድ ቦታ መተላለፊያው ላይ የተጣለ በርጩማ ሆኖ ያገኙታል።

እዚህ ላይ የተጨመረው ብር ምን ገዛ? ወንበር አልገዛም፤ መኪናውንም አላፈጠነም። ረዳቱ የሸጠው የሰውየውን መቸገር ነው። ቁጥር ላለው ወንበር፣ ደረሰኝ ላለው ትኬት ሙሉውን የባሕር ዳር ሂሳብ መክፈል ከዚህ በብዙ ይሻላል። ውድ ይመስላል እንጂ ደብረ ማርቆስ ማደር የሚያስወጣው የአልጋና የራት ወጪ፣ ማደሩ የሚያባክነው ጊዜም ሲታሰብ ልዩነቱ ይጠባል፤ ሕጻን ላዘለች እናት ወይም ለአዛውንት ደግሞ ምንም አያከራክርም። ይህ ክፍያ ሌላውንም አይጎዳም፤ ወንበር አስቀድሞ የሚገዛ ሰው ሲበዛ ባለሀብቱ ሌላ አውቶብስ ያሰማራልና።

ጨምሮ ከፍሎ ቶሎ ለመድረስ የሚያዘውን ሚኒባስ ግን አልመክርም፤ በዚህ አልደራደርም። የሚጨመርለት ብር በእርግጥ ፍጥነት ይገዛል፤ ፍጥነቱ ግን የሚገኘው ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ነው። ያንን ቁልቁለት በከባድ መኪናዎች መካከል እየተሽሎከለኩ በመውረድ የሚተርፍ ሰዓት የማንንም ጉዳይ አያህልም። ደግሞም በእነዚህ ዓመታት መንገዱ በጸጥታ ችግር ሲዘጋ እንዳየነው፣ ሦስት እጥፍ የከፈለውም መደበኛውን የከፈለውም አንድ ኬላ ላይ ተሰልፈው ያድራሉ። ማነቆው አንድ በሆነበት ቦታ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ብቻ አልፎ መቆም ቅድሚያ አይባልም።

ከሌሎቹ ሁሉ የሚለይ አንድ ወረፋ አለን፤ የወፍጮ ቤቱ። ሰው አይሰለፍም፣ ጆንያ ይሰለፋል። ማታ የመጣ ስልቻውን አስቀምጦ ይሄዳል፣ ጠዋት ተራው እዚያው ይጠብቀዋል። በዚህ ወረፋ መሐል ግን አንዲት ልጅ አንድ ቁና እህል ተሸክማ ትገባና «እባካችሁ፣ እናቴ አራስ ናት» ትላለች። «አሳልፏት» ይባላል። ለቅሶ ቤት ያለበትም እንዲሁ ያልፋል፤ መንገደኛም ያልፋል። ጆንያ ሙሉ በቆሎ ያመጣ ነጋዴ ጨምሬ ልክፈልና ቅደሙኝ ቢል ግን ሴቶቹ ዝም የሚሉት አይመስለኝም። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ወፍጮ ቤት ቅድሚያ የሚሰጠው ጊዜውን የሚያጣው ሰልፈኛ ራሱ ነው፤ ተጠይቆ፣ ምክንያቱን ሰምቶ፣ ፈቅዶ ይሰጣል። የሚሸጥ ቅድሚያ ላይ ገንዘቡን የሚቀበለው ሌላ፣ ጊዜውን የሚያጣው ሌላ ነው። ማይክል ሳንዴል የተባለው የሃርቫርድ ፈላስፋ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ገበያ ሊገባበት የማይገባውን ነገር ሲመረምር የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሰጠው ወረፋ ዘሎ ለመግባት ነው። የእኛ ወፍጮ ቤት ለዚህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ መልስ ሲሰጥ ኖሯል።

ታዲያ ይህ ሚዛን ሆስፒታል ሲገባ ምን ይላል? የመንግሥት ሆስፒታሎች የግል ሕክምና ክንፍ፣ ሰው ሁሉ «ፕራይቬት ዊንግ» የሚለው፣ በጤና ፋይናንስ ማሻሻያው የመጣ ነው። የማሻሻያው ስትራቴጂ የጸደቀው በ1990 ዓ.ም. ነበር፤ ክልሎች በየራሳቸው አዋጅ ሲያጸኑት ሆስፒታሎች ገቢያቸውን ለራሳቸው ማዋል፣ የግል ክንፍም መክፈት ቻሉ። ምክንያቱ የሚታወቅ ነው፤ ሐኪሞች በደመወዝ ማነስ ወደ ግል ክሊኒክና ወደ ውጭ አገር እየሄዱ ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ ከመደበኛው ሥራ ሰዓት ውጭ፣ ማታና በሳምንት መጨረሻ፣ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ከፍ ባለ ዋጋ ያክማል፤ ክፍያውን ሠራተኞቹና ሆስፒታሉ ይካፈሉታል።

በዚህ መልኩ ሲሠራ ጥሩ ቅድሚያ ነው። ማታ ባዶ ይቀመጥ የነበረ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሥራ ይጀምራል፤ ሊሄድ የነበረ ሐኪም ይቆያል፣ ያው ሐኪም ጠዋት ደግሞ መደበኛውን ሰልፍ ያያል። እንቅርት ወይም የሆድ ቡአ ይዞት ቀጠሮው ለወራት የተራዘመበት የደምበጫ ሰው ሂሳቡን እንዲህ ቢሠራ እመክራለሁ፦ የግል ክንፉን ክፍያ ከመደበኛው ጋር ብቻ አያወዳድር። በየቀጠሮው ደብረ ማርቆስ መመላለሻውን፣ የአስታማሚውን አልጋና ምግብ፣ አስታማሚው ትቶት የመጣውን እርሻ ወይም ሱቅ ይደምር። ሦስት ጊዜ «ሌላ ቀን ተመለስ» የተባለ ሰው መደበኛው የግሉን ያህል ሊያስወጣው ይችላል። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የታቀፈ ሰው ግን ቆም ይበል። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ሲሞከር ከጎጃም ደቡብ አቸፈር አንዷ ነበረች፤ ዛሬ ብዙ ወረዳዎች ደርሷል። የሚሸፍነው ግን በአብዛኛው መደበኛውን አገልግሎት ነው። በግል ክንፉ በር የገባ አባል መዋጮውን ከፍሎ ሳለ እንደገና ከኪሱ ይከፍላል።

የምፈራው አንድ ነገር አለ። ሁለቱንም ሰልፍ የሚያስተናግደው አንድ ሐኪም፣ አንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። የጠዋቱ ሥራ በቀዘቀዘ ቁጥር የማታው ይደምቃል። ማንንም ክፉ ሰው ሳያደርግ አሠራሩ ራሱ ወደዚያ ይጎትታል። አንድ ሆስፒታል በመደበኛው ሰዓት በሳምንት ስንት ቀዶ ሕክምና እንደሠራ በር ላይ ቢለጥፍ፣ ቁጥሩም የግል ክንፉ ከተከፈተ በኋላ እንዳልቀነሰ ብናይ፣ ጨምረን የከፈልነው አዲስ ሰዓት መግዛቱን እናውቃለን። ቁጥሩ ከቀነሰ ግን የገዛነው የሌላ ድሃ ተራ ነው። አጣዳፊ በሽተኛ፣ ምጥ የያዛት እናት፣ በአደጋ ደም የፈሰሰው ሰው ከዚህ ሂሳብ ውጭ ናቸው። እነሱን የሚያስቀድማቸው የሕመማቸው ክብደት ነው፤ ለእነሱ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ካለ ሊከሰስ ይገባዋል።

ፓስፖርት ላይ ዋጋው ራሱ ይናገራል። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው ታሪፍ መደበኛው ፓስፖርት ከ2,000 ወደ 5,000 ብር አደገ። በአምስት ቀን የሚደርሰው አስቸኳይ 20,000፣ በሁለት ቀን የሚደርሰው 25,000 ብር ሆነ። ይህም ማለት ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ቀን ለመውረድ የሚጨመረው ብር ብቻውን የአንድ መደበኛ ፓስፖርት ዋጋ ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የዚያን አገር ፓስፖርት ሲያሳድሱ 130 ዶላር ይከፍላሉ፣ ለማፋጠን 60 ዶላር ይጨምራሉ፤ ከዋናው ዋጋ ግማሽ አይሞላም። የእኛው አስቸኳይ የመደበኛው አራትና አምስት እጥፍ ነው። ክፍያው ሕጋዊ መሆኑ፣ ደረሰኝ መቆረጡ፣ ገንዘቡ ደላላ ኪስ አለመግባቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን አልክድም። ይህን ያህል ልዩነት ግን አንድ መጥፎ ፈተና ያመጣል፤ ፓስፖርቱን የሚሰጠው ተቋም ከአስቸኳዩ የሚያገኘው ገቢ ከፍ ያለ የሚሆነው መደበኛው በዘገየ ቁጥር ነው።

ለማን ያዋጣል? የትምህርት ዕድሉ ቀን ለተቆረጠለት፣ ውጭ አገር ለመታከም ሐኪም ለጻፈለት ያዋጣል፤ እነዚህ ቀን ቢያልፋቸው የሚያጡት ከ20,000 ብር ይበልጣል። በሬ ሸጣ ወደ ዐረብ አገር ልጇን ለምትልክ እናት ግን ደግሜ ደጋግሜ የምለው አለኝ። አቀባባዩ «ቶሎ ካላወጣሽ ቦታው ይያዛል» ሲል ቪዛውን ወይም ውሉን በወረቀት አሳየኝ ማለት አለባት። ብዙ ጊዜ ፓስፖርቱ በሁለት ቀን ወጥቶ ቪዛው ለወራት ይጠበቃል። ያ ጊዜ መደበኛውን ፓስፖርት ባሕር ዳር አመልክቶ ለመቀበል ይበቃ ነበር፤ ልዩነቱም በሬው ባይመለስም ጥጃ ይገዛ ነበር። ከአገር የመውጣት ሐሳብ ያለው ሰው ጉዳዩ ሳይመጣ በመደበኛው ዋጋ ፓስፖርቱን አውጥቶ ሳጥኑ ውስጥ ቢያስቀምጥ የአስቸኳዩን በር ጨርሶ አይፈልገውም። ተቋሙም መደበኛው ማመልከቻ ስንት ቀን እንደሚፈጅ በየወሩ ቢያሳውቅ ሰው በወሬና በፍርሃት ተገፍቶ አራት እጥፍ አይከፍልም ነበር።

የባጃጅ ልጆችም ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋ ወረፋውን ትተው በሃይላንድ ጠርሙስ ከሚሸጠው ጨምረው ይገዛሉ። በዚህ ብዙ አልቆይም፤ ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ መዋል የቀኑን ገቢ ስለሚያሳጣ እነሱን አልወቅስም፤ ጭማሪው ግን ዞሮ ዞሮ ተሳፋሪው ላይ ይወድቃል።

በጣም የሚከብደኝ የማዳበሪያው ነው። ሌላው ሁሉ ቢዘገይ ነገ አለ፤ በቆሎ ግን በሰኔ የሚፈልገውን በነሐሴ ቢሰጡት አይቀበልም። የመጀመሪያው ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር መግባት አለበት፣ ዩሪያው ደግሞ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ። በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያው ዘግይቶ አርሶ አደሩ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ አቤት ያለው ለዚህ ነው። በዚያ ሰሞን በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ዋጋ ያላገኘ ገበሬ ከነጋዴ እጅ በብዙ ጨምሮ ገዛ። አዋጣው? ለእሱ ማሳ፣ ለዚያ ክረምት፣ አዎ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ማዳበሪያ የቀረ በቆሎ የቤተሰቡን ቀለብ አያወጣም። ነጋዴው እጅ ያለው ጆንያ ግን ከሰማይ አልወረደም። ለማኅበሩ አባላት ከመጣው የሾለከ ነው። አንዱ ጨምሮ በገዛ ቁጥር ያሾለከው ይበልጥ ያተርፋል፣ ይበልጥም ያሾልካል፤ በመጋዘኑ በር የሚጠብቁት መበለትና ወጣት ገበሬ ተራቸው ይርቃል። ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ጆንያ መግዛትም አለ፤ ብሩ ሄዶ፣ ዘሩም ሄዶ።

ይህን ገበሬ አትግዛ ለማለት አፌ አይደፍርም። ቢቻል ጎረቤት ተካፍሎ ያለችውን ለበቆሎው ያስቀድማት፣ ጤፉ እስኪዘራ ጥቂት ጊዜ አለ፤ ኮምፖስት ያዘጋጀ በእሱ ይደግፍ፤ የሚገዛም ጆንያው ስፌቱ ያልተነካ መሆኑን አይቶ፣ በምስክር ፊት ይግዛ። ጥያቄው ግን በሰኔ ነጋዴ ደጃፍ የቆመውን ሰው የሚመለከት አይደለም፤ ማዳበሪያውን በጊዜ ማድረስ ያለበትን ነው። የየቀበሌው ፍላጎት ከዘር ወራት በፊት ተሰብስቦ ይታወቃል፤ ስንት ኩንታል እንደሚያስፈልግም በወረዳው መዝገብ አለ። ጭነቱ በሚያዝያ ማኅበሩ መጋዘን ከገባና ስንት እንደገባ፣ ለማን እንደተሰጠ ገበሬው በሚያየው ቦታ ከተለጠፈ፣ ደምበጫ ዙሪያ አንድ ብር ጨምሮ ማዳበሪያ የሚገዛ ሰው አይኖርም።